ሞተሮች ዝም ያሉበት እሁድ

በቶንጋ ደሴቶች፣ ፓንጋይ ውስጥ ይህ ነገር ሲነሣ ዛሬ ሰው ወሬውን የሚጀምረው ከሳቁ ነው። ላታይ ገመዱ ሲወረወርላት ምን ብላ እንደተቀበለች፣ ፋታይ እህቱን ሲያይ መቅዘፊያውን እንዴት ባሕር ውስጥ እንደጣለው ያወራሉ። ያን ቅዳሜ ግን የሚስቅ አልነበረም።

አምስት ሴቶች ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከኡይሃ ደሴት ተነሥተው ወደ ፓንጋይ ሲመለሱ ጠፉ። ኡይሃ የሄዱት የዛፍ ልጥ ግንድ ላይ ዘርግተው፣ ልብስ እስኪሆን በእንጨት መቀጥቀጫ ሊደበድቡ ነበር። የዘመዳቸው ልጅ የምትዳርበት ቀን ስለደረሰ፣ ለሠርጉ የሚነጠፈውን ረጅሙን የልጥ ልብስ የሁለቱ ደሴት ሴቶች አንድ ላይ እየሠሩት ነው። ጀልባዋ የላታይ ናት። ላታይ ባሏ ካረፈ ወዲህ ራሷ ትነዳታለች፤ ሞተሩ ከባልሽ በፊት የሞተ ነው እያሉ ይቀልዱባታል። አብረዋት ከተሳፈሩት አንዷ ሲኒቫ ናቸው፣ የሉሲያኔ እናት።

ሉሲያኔ የዓሣ ነባሪ ዘፈን ነው የምታጠናው። ብርዱ ሲገባ ዓሣ ነባሪዎቹ ከደቡቡ በረዶ ወደ ደሴቶቹ መጥተው ይወልዳሉ፣ ይዳራሉ፤ ወንዶቹም ውሃው ውስጥ ተዘቅዝቀው ይዘፍናሉ። እሷ በአጎቷ በፋታይ ጀልባ ትወጣና ከማንም ርቃ ማይክራፎኗን በገመድ ወደ ታች ትለቃለች፣ ከዚያም የጆሮ ማዳመጫዋን አጥልቃ ትቀመጣለች። በአንድ ወቅት የመጡት ወንዶች ሁሉ የሚዘፍኑት አንድ ዓይነት ዘፈን ነው። በዓመቱ ግን ተለውጦ ይመጣል፤ ከየት እንደተለወጠ፣ ማን ከማን እንደቀዳ ማወቅ ነው ሥራዋ። ሰው "ምን ትሠሪያለሽ?" ሲላት "አዳምጣለሁ" ትላለች። "እሱስ እኛም የሚስቶቻችንን ስናዳምጥ ነው የምንውለው፣ ደመወዝ የሚሰጠን ጠፋ እንጂ" ይሏታል። አትቀየምም።

ዓርብ ማታ ጀልባዋ ሳትደርስ ስትቀር፣ ኡይሃ አድረው ይሆናል ተባለ። ቅዳሜ ጠዋት ከኡይሃ ስልክ ሲደወል ግን ሴቶቹ ገና በቀን መነሣታቸው ታወቀ። የፓንጋይ ጀልባ ሁሉ ወጣ። ፍለጋውን የመራው ሎሎሄአ የሚባል ጠና ያለ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የእሱም ሚስት ከጠፉት አንዷ ናት። ቀኑን ሙሉ የኮራሉን ድንጋይ ዳር ዳር፣ ሰው የማይኖርባቸውን ትንንሽ ደሴቶች አንድ በአንድ ሲያስሱ ዋሉ። እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ ወደቀና ጭጋግ ባሕሩ ላይ ተደፋ። ከዋና ከተማው ይመጣል የተባለው አውሮፕላንም በዚያ ጭጋግ ምንም አላይም ብሎ ቀረ። አመሻሽ ላይ ጀልባዎቹ ባዷቸውን ተመለሱ፤ ወደቡ ላይ የቆመውም ሰው ምን አገኛችሁ ብሎ ሳይጠይቅ ወደየቤቱ ገባ።

ሉሲያኔ ያን ሌሊት አልጋዋ ላይ ሆና አንድ ነገር ታሰላስል ነበር። በእሁድ በቶንጋ ጀልባ አይንቀሳቀስም፤ ሥራ የለም፣ ዓሣ ማጥመድ የለም፣ ዋና እንኳ የለም። እሷም በእሁድ ወጥታ አታውቅም። ነገር ግን ባሕር ሥር አስቀምጣ የምትተወው ድምፅ መቅጃ አለ፤ ያ መቅጃ የእሁዱን ቀን ከሌላው ቀን ለይቶ ነው የሚያመጣላት። በእሁድ ውሃው ከሞተር ጩኸት ይጸዳል። በሌላ ቀን የማይሰማው የሩቅ ነገር ሁሉ በእሁድ ይሰማል።

ጎሕ ሲቀድ ወደብ ወረደች። ሎሎሄአ ነዳጅ እየቀዳ ነበር፤ ሰው ሲጠፋ እሁድም ይወጣል።

"አንድ ነገር ልለምንዎት ነበር" አለችው።

"ተናገሪ፣ ልጄ።"

"ዛሬ ባሕር ላይ ያለነው እኛ ፈላጊዎቹ ብቻ ነን። ሁላችንም ለትንሽ ጊዜ ሞተራችንን ብናጠፋ፣ እኔ ከውሃው ሥር ሩቅ መስማት እችላለሁ።"

"ምኑን ነው የምትሰሚው?"

"ያገኘሁትን። መቅዘፊያ ከጀልባ ጋር ሲጋጭ፣ ባልዲ ሲንኳኳ። የላታይ ጀልባ አሉሚኒየም ናት፣ ትንሽ ነገር ሲነካት ትጮኻለች። ድምፅ ደግሞ ከአየር ይልቅ በውሃ ውስጥ ነው አርቆ የሚሄደው።"

"ዝም ብለው ተኝተውስ ቢሆን?"

ለሉሲያኔ የመለሰላት ከኋላዋ ገመድ ሲጠቀልል የነበረው ፋታይ ነው። "ላታይ ያለችበት ጀልባ ላይ ነው ዝም ብሎ መተኛት?"

ሎሎሄአ አልሳቀም። የነዳጁን ክዳን ሲያጠብቅ ቆየና፣ "ሚስቴ ባሕር ላይ ናት፤ አንቺ ደግሞ ሞተር አጥፍተህ ተቀመጥ ትዪኛለሽ" አለ።

"አዎ።"

"እናትሽም እዚያው ናቸው።"

"አዎ።"

ቀና ብሎ ጭጋጉን አየው። ከወደቡ ጫፍ ወዲያ ምንም አይታይም ነበር። "ትናንት ቀኑን ሙሉ ዓይናችንን ስናፈጥ ውለን ምን አየን?" አለ፣ ለእሷ ሳይሆን ለራሱ። ከዚያ ዘወር አለ። "እሺ። ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ ሲጀመር በሬዲዮ ይነግሩናል። ያን ጊዜ ሁላችንም እናጠፋለን። ጸሎቱ ሲያልቅ ግን እኔ እነሣለሁ። የዚያን ያህል ነው መቀመጥ የምችለው።"

ፋታይ ጀልባዋን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ካኦ ተራራ አቅጣጫ ነዳት። የዓርቡ ነፋስ ከገፋቸው የሚገፋቸው ወደዚያ ነው። ተራራው በጥሩ ቀን ከባሕሩ መሀል ቀጥ ብሎ ሲወጣ ይታያል፤ ያን ቀን ግን የጀልባዋ አፍንጫም በጭንቅ ነበር የሚታየው። ፋታይ የሲኒቫ ታናሽ ወንድም ነው። የእናት ወንድም በእነሱ ዘንድ ለእህቱ ልጅ ምንም አይነፍግም፤ ሉሲያኔም ከልጅነቷ ጀምሮ ስታዝዘው ነው የኖረችው። በመንገድ ላይ አፉ አላረፈም። ስለ ነዳጁ አወራ፣ ስለ ጎረቤቱ አሳማ አወራ። ስለ እህቱ ግን አንዲት ቃል ብቻ ነው የተናገረው።

"እህቴ ውሃ ጥም አይችሉም" አለ። "ትንሽ ሆነውም አይችሉም ነበር።"

"ኮኮናት ጭነው ነበር ብለዋል እኮ የኡይሃ ሰዎች።"

"ብለዋል" አለና እንደገና ወደ አሳማው ተመለሰ።

ሬዲዮው ተንጫጫና ፓንጋይ ሬዲዮው ዘንድ የቀረው ልጅ ድምፅ "ገብተዋል፣ ጸሎት ጀምረዋል" አለ። ፋታይ ሞተሩን አጠፋ። ሉሲያኔ ማይክራፎኑን ወደ ውሃው ለቀቀች። ይሄኛው ረጅም እንጨት ላይ የታሰረ ነው፤ ፋታይ በአንድ በኩል ጎድጓዳ ሳህን ገጥሞላታልና እንጨቱ ሲዞር ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ያሳውቃል።

በመጀመሪያ የሰማችው የሌሎቹን ጀልባዎች ሞተር ነው። አንዱ ጠፋ፣ ሌላው ጠፋ፤ ከሩቅ አንዱ ብቻ እንደ ንብ ሲያጉረመርም ቆየና እሱም ዝም አለ። ከዚያ በኋላ የቀረው ከኮራሉ የሚመጣው፣ ሽሪምፕ የሚባሉት ትንንሽ የባሕር ነፍሳት ድምፅ፣ ዘይት ላይ እንደወደቀ ሽንኩርት ችስስ የሚለው ብቻ ነበር። ሉሲያኔ ዓይኗን ጨፈነች። እንዲህ ያለ ጸጥ ያለ ባሕር በጆሮዋ ሰምታ አታውቅም።

ብዙም ሳይቆይ ዓሣ ነባሪው ጀመረ።

ቅርብ ነው፤ ከእነሱ ሥር ነው ማለት ይቻላል። እንደ አሮጌ በር እየተንቋረረ ተነሣ፣ ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣውን ጩኸት አመጣ፤ የጆሮ ማዳመጫው እስኪርገበገብ ድረስ ውሃውን ሞላው። ድምፁ ከጀልባዋ ወለል አልፎ ፋታይ እግር ሥር ደረሰ።

"ይሄ ደግሞ ዛሬ ነው መዝፈን የሚያምረው" አለ ፋታይ በሹክሹክታ። "ፈቀቅ እንበል?"

"ሞተር ማስነሣት አለብን እኮ። የጠየቅኩት እኔ ነኝ።"

"እና?"

"ትንፋሹ እስኪያልቅ እንጠብቀዋለን።"

ስንት ወር ሙሉ ይህን ዘፈን ፍለጋ የለፋች ሴት፣ ያን ጊዜ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓሣ ነባሪ ዝም እንዲል ተመኘች። ግን ደግሞ ዘፈኑን ታውቀዋለች። ከጩኸቱ በኋላ እንደ ላም እምቧ የሚለው ይመጣል፤ ከእምቧታው በኋላ ከሆድ የሚወጣው ወፍራም ማጉረምረም። ማጉረምረሙ ሲደርስ ለመተንፈስ ይነሣል፤ ወደ ላይ ሲመጣ ድምፁ ይሳሳል፣ ጥቂት ጊዜም ይጠፋል። አሁን እምቧታው ላይ ነው። አሁን ማጉረምረሙ ገባ። ሉሲያኔ እንጨቱን በሁለት እጇ ያዘች።

ድምፁ ሳሳ፤ ጠፋም። ከአጠገባቸው ዓሣ ነባሪው ውሃውን በአፍንጫው እፍፍ ሲል በጭጋጉ ውስጥ ተሰማ።

በዚያች ክፍተት፣ ከጸጥታው ማዶ፣ ቀጭን ነገር መጣ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ከዚያ ዓሣ ነባሪው ተመልሶ ዘፈኑን ጀመረና ዋጠው።

"ምንድን ነው?" አለ ፋታይ ፊቷን አይቶ።

"አላውቅም። ቆይ።"

ልቧ እየመታ ስለነበር ያን ጠቅታ ከልቧ መለየት አልቻለችም። ምናልባት ኮራሉ ላይ የተሰበረ ጀልባ ቁራጭ ነው፤ ምናልባት ሽሪምፕ ነው። እንደገና ሙሉ ዘፈኑን መጠበቅ ነበረባት፤ በሩን፣ ጩኸቱን፣ እምቧታውን። ፋታይ መቀመጫው ጫፍ ላይ ሆኖ ከንፈሩን ይነክሳል። ሬዲዮው መሀል ላይ ነቃ።

"ሉሲያኔ" አለ የሎሎሄአ ድምፅ። "ጸሎቱ አልቋል አሉኝ።"

ሬዲዮውን ፋታይ ሰጣት። "አንዴ ይታገሡኝ" አለች። "አንድ ነገር ሰምቻለሁ። እርግጠኛ አይደለሁም። ዓሣ ነባሪው እስኪተነፍስ ድረስ ብቻ።"

ከዚያ፣ "ይተንፍስ" አለ ሎሎሄአ። ሞተሩን ሳያስነሣ ቀረ።

ማጉረምረሙ ደረሰ፣ ሳሳ፣ ጠፋ። ሉሲያኔ እንጨቱን በዝግታ ወደ ግራ አዞረችው፣ ወደ ቀኝ መለሰችው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አንዱ ቀልጠፍ፣ አንዱ ከበድ ያለ፣ አንዱ ተከትሎ። ሦስት እጅ በአንድ ግንድ ዙሪያ የሚመታው ነው። ልጅ ሆና ጠዋት ጠዋት የምትነቃው በዚህ ምት ነበር፤ መንደሩ ሁሉ በዚህ ምት ነው የሚነቃው። ይህን ኮራል አያወጣውም፣ ሽሪምፕም አያወጣውም።

"ልጥ እየደበደቡ ነው" አለች።

ፋታይ ያበደች መስሎት አያት። "የት?"

"በዚያ" አለች፣ በእጇ ወደ ጭጋጉ እያመለከተች። "አጎቴ፣ ጀልባዋን እየደበደቧት ነው። በዚያ ሂድ።"

እየሄዱ፣ እየቆሙ፣ ሞተር እያጠፉ እያዳመጡ ተጠጉ። በቆሙ ቁጥር ምቱ ጎላ፤ በኋላ የጆሮ ማዳመጫ ሳያስፈልግ በጆሮ ተሰማ። ከዚያ ጭጋጉ ሳሳና ትንሿ ግራጫ ጀልባ ውሃው ላይ ተንሳፍፋ ታየች። አምስቱ ሴቶች ራሳቸውን በምንጣፍ ሸፍነው፣ ሦስቱ የእንጨት መቀጥቀጫቸውን ይዘው የጀልባዋን ጎን ይደበድባሉ፤ ሁለቱ ተጋድመው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ፋታይ በመቅዘፊያ ሊጠጋቸው ሲል እህቱን አየ። መቅዘፊያው ከእጁ ሾልኮ ሄደ፤ እሱም እንደሄደ አላወቀም።

ሉሲያኔ ገመድ ወረወረች። ላታይ ቀለበችው። ከንፈሯ ተሰንጥቆ፣ ድምጿ ተዘግቶ ነበር፤ ግን ገመዱን ከማሰሯ በፊት አንዴ ቀና ብላ አየቻቸው።

"እሁድ እኮ ነው" አለች። "ቤተ ክርስቲያን ቀርታችሁ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?"

መጀመሪያ የሳቀችው ከተጋደሙት አንዷ ናት፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ እየሳቁ አለቀሱ። ሉሲያኔ ወደ ጀልባቸው ዘላ ገብታ እናቷን አቀፈቻቸው። ሲኒቫ ትኩስ ነበሩ፣ ቆዳቸው ጨው ጨው ይላል። ሉሲያኔ ፊቷን ከአንገታቸው ሥር ከተተች። ሁለት ቀን ሙሉ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ የት እንደገባ አላወቀችም።

ፋታይ አልተጠጋም። ወንድም እህቱን እንዲህ አያቅፍም፤ ከልጅነት ጀምሮ ያደጉበት ነው። ጀልባው ጫፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ኮኮናት በቢላ እየከፈተ በሉሲያኔ እጅ ያቀብላቸዋል። ቢላውን ሳያይ ስለሚሰነዝር ግማሹን ያፈሰዋል።

"ፋታይ" አሉ ሲኒቫ።

"አቤት።"

"እጅህን እንዳትቆርጥ።"

"እሺ" አለና ሌላ ኮኮናት አነሣ።

ሎሎሄአ ሲደርስ ሞተሩን ከሩቅ አጥፍቶ ጀልባዋ በራሷ ተንሸራትታ እንድትጠጋ ለቀቃት። ሚስቱ ተነሥታ ቆመች።

"ደረስክ?" አለችው።

"ደረስኩ" አላት፤ እጇን ይዞ ወደ ራሱ ጀልባ አሻገራትና ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት።

ወደ ፓንጋይ ሲጎተቱ ሉሲያኔ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። መዳፋቸው ውሃ ቋጥሮ፣ ከፊሉም ፈንድቶ ነበር። እጃቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ "እማ፣ መደብደቡን ማን አመጣው?" አለቻቸው።

"ማን ያመጣዋል? አንቺ ነሻ።"

"እኔ?"

"ያን ጊዜ ምሳ ላብስልላችሁ ብዬ አብሬያችሁ የወጣሁ ቀን፣ የድስቱ ክዳን ከእጄ ወድቆ ከጀልባው ጋር ቢጋጭ እንዴት አድርገሽ እንደተቆጣሽኝ ረሳሽው? 'እማ፣ ዓሣ ነባሪው ሁሉ ሰማሽ' አላልሽኝም? ሳምንት ነው ያኮረፍኩሽ። እና እዚያ ስንቀመጥ፣ ክዳን ከተሰማ መቀጥቀጫማ እንዴት አይሰማም አልኩ።"

"እኛማ ፀሐይ አናታቸውን መታቸው ብለን ነበር" አለች ላታይ ከኋላ። "ሞተሩ ሞቶ ሲቀር ድምፃችን እስኪዘጋ ዘመርን፣ ጮህን፤ በቃ ዝም እንበል ስንል እሳቸው መቀጥቀጫ አደሉን። ክንዳችን ወለቀ ስንላቸው 'ልጄ ከታች ነው የምታዳምጠው' ይሉናል። የሠርጉ ልጥ ሳያልቅ ጀልባዬን አለሰለሷት።"

ሉሲያኔ ሳቀች፤ ከዚያ እናቷ ትከሻ ላይ ደገፍ አለች። "ከእንግዲህ የፈለግሽውን ክዳን ጣይ" አለቻቸው።

"እጥላለሁ" አሉ ሲኒቫ። "ደሞ ሞተሩን ላታይ እንድትጠግነው አትፍቀዱላት።"

ወደቡ ላይ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣ፣ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ፣ ለጸሎት እንደሚለበሰው ወገቡ ላይ ምንጣፉን እንዳሰረ ቆሞ ነበር። ሬዲዮው አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ጀልባዎቹ ከጭጋጉ ሲወጡ አንድ ሰው መዝሙር አነሣ፤ ሁሉም ተቀበለው። አንዳንዱ እየዘመረ ውሃ ውስጥ ገብቶ ገመድ ተቀበለ፣ ነጭ ልብሱ ጨው እየጠጣ። ሐኪሟ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ፀሐይና ጥም ነው፣ ሌላ የለባቸውም አለች። ለሲኒቫ እጅ ጨርቅ አሰረችላቸው።

የእሁዱ ምግብ ከጠዋቱ በየግቢው ከጋለ ድንጋይ ጋር መሬት ውስጥ ተቀብሮ ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው ጎደሬውን፣ ከኮኮናት ወተት ጋር በቅጠል የተጠቀለለውን ሥጋ ቀብረው ነው ወደ ጸሎት የሄዱት። ይበላ አይበላ ግን ማንም አላወቀም ነበር። ያን ከሰዓት አፈሩ ተገፈፈ፤ ሲኒቫ ቤት መንደሩ ሁሉ መጣ። ሉሲያኔ ጥቂት ቀምሳ መብላት አቃታት፤ ከዚያ እናቷ ጎደሬ ሲቆርሱ አይታ ሆዷ ተከፈተና ሁለተኛ ሳህን ጠየቀች። ፋታይ ከበሩ አጠገብ ሆኖ፣ እህቱ ፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቢሆንም፣ የዓሣ ነባሪውን አዘፋፈን ለልጆች እያሳየ ነበር፤ እምቧታው ላይ ሲደርስ ጎረቤቱ ገባና፣ "አሳማዬ እዚህ ነው እንዴ?" አለ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሲኒቫም ሳቁ፤ ስቀው ሲያበቁ በታሰረ እጃቸው የሉሲያኔን ፀጉር ዳበሱና፣ "ሂጂ ተኚ፣ ዓይንሽ ጠፍቷል" አሏት።

ሄዳ የእናቷ አልጋ ላይ ተጋደመች። ከውጭ ሰው ያወራል፣ ሳህን ይንኳኳል፣ ላታይ በተዘጋ ድምጿ ያንኑ ወሬ ለአዲስ ሰው ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ሉሲያኔ ወሬው ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰዳት። ሰኞ ረፋድ ላይ ስትነቃ ጭጋጉ ተገፍፎ ነበር፤ ማንም አልቀሰቀሳትም።